ቢሲ ከስክሪፕት ሲጠራ ሳይንና ሎጋሪዝም ጠፉበት

ሰላም ወገኖች፣ ሁለት ቀን ሙሉ መላው ጠፍቶኛል። በኤስኤስኤች (ከርቀት ሌላ ኮምፒውተር ውስጥ በሚያስገባው ፕሮግራም) ራሴ ገብቼ ቢሲን፣ ማለትም በትእዛዝ የሚሠራውን የሒሳብ ማስያ ፕሮግራም፣ ስጠራ ሳይኑም ሎጋሪዝሙም ይሠራል፤ 10ን ለ3 ሳካፍል ከነጥብ በኋላ 20 አሃዝ ይሰጠኛል። ያንኑ ትእዛዝ በስክሪፕት በኤስኤስኤች ስልከው ግን «ኤስ የሚባል ፈንክሽን አልተገለጸም» ይላል (ኤስ ቢሲ ውስጥ የሳይን መጠሪያ ነው)። የማካፈሉም መልስ 3 ብቻ ነው። ይሄኛው ይባስ፣ ስህተት መኖሩን እንኳ ሳይናገር ነው የሚያሳስተኝ!

የሒሳብ ላይብረሪውን የሚጭነውን «ሰረዝ ኤል» ያስገባሁት ባሽ አርሲ ፋይሌ (ባሽ የተባለው የትእዛዝ ተቀባይ ሲከፈት የሚያነበው የቅንብር ፋይል) ውስጥ በአሊያስ፣ ማለትም ለትእዛዝ በሚሰጥ አቋራጭ ስም ነው። ፋይሉ አልተነበበ ይሆናል ብዬ ሶርስ በሚባለው ትእዛዝ ባስነብበውም ለውጥ የለም። አሊያስ በስክሪፕት ውስጥ ጭራሽ አይሠራም ማለት ነው?

ቢሲ 40 ቦታ ስለሚጠራ አንድ በአንድ ማረሙ አይገፋም። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ነክቶ የሚስተካከልበትን መንገድ የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ ጠቁሙኝ።