ላይኛው ግጦሽ ሰፈር ከሆነ ወዲህ ቱቦው ጎርፉን አልቻለም፤ ምን ስፋት ያለው እንግዛ?

ጠያቂ፦ እባካችሁ ፈጥናችሁ መልሱልኝ። ያለነው ደብረ ብርሃን ዳርቻ ነው። ትናንት ማታ ጎርፉ መንገዱን ዘልሎ ሦስት ግቢ ገባ፤ የአንዲት እናት የዓመት እህል ረጠበ። ያው ቱቦ ለዓመታት ያለ ችግር አገልግሏል። ከላይ ያለው ተዳፋት ግጦሽ ነበር፤ አሁን አብዛኛው ቤት፣ የቀረው ባሕር ዛፍ ነው። ጥፋቱ የባሕር ዛፉ ነው ብለን ልናስቆርጠው ተስማምተናል። ገንዘብ ተዋጥቷል፤ ሰኞ ቱቦ እንገዛለን።

የድሬ ልጅ፦ መጀመሪያ ቱቦውን ጥረጉ! እኛ ሰፈር ሲጠረግ ፍራሽ ወጣ፤ ያልተገኘው የተኛበት ሰው ብቻ ነው።

መምህሩ፦ ነገሩን ከሥሩ እንየው። ሣር የለበሰ መሬት የዝናቡን ጠብታ ያበርዳል፣ ውኃውን ያዘገያል፣ ከፊሉንም ያሰርጋል። ጣሪያና ድንጋይ ንጣፍ ግን ወዲያውኑ ያወርዱታል። ስለዚህ የጎርፉ መጠን ብቻ ሳይሆን ፍጥነቱም ይጨምራል፤ ቀድሞ ቀስ ብሎ ይደርስ የነበረው ውኃ አሁን በአንድ ጊዜ ይመጣል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ድሬዳዋን ያጥለቀለቀው የደቻቱ ወንዝ ጎርፍም ኃይሉን ያገኘው ከላይኛው ደጋ ከወረደው ዝናብ ነው። የተፋሰስ ጉዳይ ሁልጊዜ ከላይ ይጀምራል።

ጠያቂ፦ መምህር፣ አመሰግናለሁ፤ ግን ቱቦው?

ማገዶ ሻጭ፦ ቱቦውን ጥረጉ።

ጥቁር አፈር፦ ወንድሜ፣ በባሕር ዛፉ ላይ የፈረዳችሁት ፍርድ ትክክል አይደለም። ባሕር ዛፍ ውኃ ይመጥጣል፣ ምንጭ ያደርቃል ቢባል እሺ። ቅጠሉ ለማገዶ ተጠርጎ ሥሩ ከተራቆተ ጎርፍ ያወርዳል፤ ይህም እውነት ነው። ነገር ግን በሐምሌ ዛፍ ቆርጦ ተዳፋቱን ማራቆት ደለሉን ወደ ቱቦው መጋበዝ ነው። ቅጠሉን መጥረግ ይቁም፤ ዛፉ ይቆይ። ግጦሹንም ከልክ በላይ አታወድሱት፤ በከብት የተረገጠ ጥቁር አፈር በክረምት አጋማሽ ውኃ ጠግቦ ስለሚያብጥ እምብዛም አያሰርግም። የተለወጠው ጣሪያው ነው። 80 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ 40 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢወርድ 3,200 ሊትር ውኃ ነው። በቤቱ ብዛት አባዛው።

መንገድ ሠሪ፦ የአሁኑ ቱቦ ስንት ነው? ከላይ ወደ እናንተ የሚፈሰው መሬትስ ስንት ሄክታር ነው? ይህን ሳትነግረን ስፋት ትጠይቃለህ።

ጠያቂ፦ ይቅርታ፣ ቱቦው 60 ሳንቲ ሜትር የኮንክሪት ነው። መሬቱን ቀያሽ ጎረቤታችን ወደ 14 ሄክታር ገምቶታል።

መንገድ ሠሪ፦ እንግዲህ እናስላው። የፍሳሽ ድርሻውን (ከዝናቡ ሳይሰርግ የሚፈሰውን ክፍል)፣ የዝናቡን ጥንካሬ በሰዓት በሚሊ ሜትር እና ሄክታሩን አባዝተህ ለ360 አካፍል። በሰዓት 60 ሚሊ ሜትር እንያዝ። ግጦሽ ሳለ ድርሻው 0.25 ቢሆን 0.58 ሜትር ኩብ በሰከንድ ነው፤ በ1 በመቶ ተዳፋት የተቀበረ 60 ሳንቲ ሜትር ቱቦ ወደ 0.6 ስለሚያሳልፍ ይበቃ ነበር። ቤት ሲበዛ ድርሻው 0.5 ቢደርስ 1.17 ይሆናል፤ መንገዱን የዘለለው ለዚህ ነው። 90 ሳንቲ ሜትሩ በዚያው ተዳፋት ወደ 1.8 ያሳልፋል። ሁለት 60 ጎን ለጎን ብትቀብሩ ግን ልክ 1.2 ላይ ትቆማላችሁ፤ ትንሽ ደለል ከገባ አለቀ። 90 ግዙ። የዝናቡን ጥንካሬ ግን የአካባቢውን መረጃ ካለው መሐንዲስ አረጋግጡ።

ማገዶ ሻጭ፦ 90ም ቢሆን ካልተጠረገ ይደፈናል።

ጥቁር አፈር፦ ከመንገዱ ወዲያ ያለው ማሳ የማን ነው? ሰፊ ቱቦ ጎርፉን ከእናንተ ግቢ አንሥቶ እዚያ ያፈሰዋል። መውጫው ላይ ትልልቅ ድንጋይ ደርድሩ፤ ጋቢዮን (ድንጋይ የተሞላ የሽቦ ቅርጫት) ከተገኘ ደግሞ ይሻላል። ከየጣሪያው የሚወርደውንም በበርሜልና በማስረጊያ ጉድጓድ ያዙ፤ ጉድጓዱ ግን ከቤት መሠረት ይራቅ። ከባለማሳዎቹ ጋር ሳትነጋገሩ ሰኞ አትቅበሩ። ተነጋግራችኋል?