ለእረፍት ጅቡቲ? ለገና ድሬዳዋ ለምትመጡት ባልና ሚስት የተሰጠ መልስ

ከጀርመን ለገና ወደ ድሬዳዋ የምትመጡት ባልና ሚስት፣ ልጆቹን ለአያቶቻቸው ትታችሁ ሁለታችሁ ብቻ ጥቂት ቀን በባሕር ጠረፍ ለማሳለፍ ዱባይ ይሻላል ወይስ ሞምባሳ ስትሉ ጠይቃችኋል። እኔ ከሁለቱም በፊት ጅቡቲን እንድታስቡ እመክራለሁ። ከዚራና መጋላ የሚባሉት የድሬዳዋ ሰፈሮች ልጆች ይህን ሲያነቡ እንደሚስቁ አውቃለሁ፤ በእኛ ከተማ ጅቡቲ የሚኬደው ለንግድ፣ ለሥራ ወይም ከዚያ ወዲያ ለመሻገር እንጂ ለሽርሽር ተብሎ አልተለመደም። ዳሩ ግን ከድሬዳዋ ተነሥቶ በባቡር የሚደረስበት፣ አማርኛ ተናጋሪ የማይታጣበት፣ በታኅሣሥና በጥር አየሩ የሚስማማ የባሕር ከተማ እያለ፣ ባላችሁ አጭር ጊዜ ሩቅ መብረሩ አስፈላጊ አይመስለኝም።

ከሁሉ አስቀድማችሁ የሰነዱን ጉዳይ ጨርሱ። በውጭ አገር ፓስፖርት፣ ለአንድ ጊዜ መግቢያ ብቻ በሚያገለግል ቪዛ ወደ ኢትዮጵያ የገባችሁ ከሆነ፣ ድንበሩን በተሻገራችሁበት ቅጽበት ያ ቪዛ ያበቃል፤ ስትመለሱ እንደ አዲስ የመግቢያ ፈቃድ ያስፈልጋችኋል፤ በኢንተርኔት የሚወጣው ቪዛ በየብስ ድንበር ያገለግል እንደሆነም ኢሚግሬሽንን ሳትጠይቁ መነሣት የለባችሁም። ቢጫ ካርድ የምንለው የትውልደ ኢትዮጵያውያን መታወቂያ ያለው ሰው ግን ያለ ቪዛ ስለሚገባ ከዚህ ጣጣ ነጻ ነው። በአንድ ቤት ባልየው የኢትዮጵያ፣ ሚስትየዋ የጀርመን ፓስፖርት መያዛቸው የተለመደ ስለሆነ፣ የአንዳችሁን መልስ ለሌላው አታውሉት፤ ለየብቻ አጣሩ። የጅቡቲን ቪዛ በኢንተርኔት ቀደም ብሎ ማመልከት ይቻላል።

ባቡሩ በየቀኑ ስለማይመላለስ የመነሻውን ቀን ጣቢያው ድረስ ሄዶ የሚያረጋግጥ ዘመድ ይኑራችሁ። አዲሱ የድሬዳዋ ጣቢያ ከከተማው ወጣ ያለ ነው፤ በጅቡቲ በኩል ያለው የናጋድ ጣቢያም ከመሃል ከተማው ውጭ ስለሆነ በሁለቱም በኩል የታክሲ ወጪ አስቡ። ከመነሣታችሁ በፊት ግን ከዚራ ያለውን አሮጌውን የባቡር ጣቢያ፣ ለገሃርን፣ እንድታዩት እወዳለሁ። ፈረንሳዮች ሐዲዱን ከጅቡቲ መዘርጋት የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1897 ሲሆን፣ መጀመሪያ ሐረር እንዲደርስ የታሰበው መሥመር ተራራውን መውጣት ስለከበደው በ1902 ከግርጌው ቆመ፤ ከተማችን የተቆረቆረችውም በዚሁ ምክንያት ነው። ጅቡቲ ራሷ ከዚያ በፊት በ1888 ነበር የተመሠረተችው። ይህን አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው የጅቡቲን አሮጌ ሰፈር፣ በኖራ የነጡ ሕንፃዎቹንና ቅስት በረንዳዎቹን ሲያይ የከዚራን ታላቅ ወንድም ያገኘ ያህል ይሰማዋል።

የዚህ ሰፈር እምብርት ምኒልክ አደባባይ ነው፤ አገሪቱ ነጻ በወጣችበት ዕለት ሰኔ 20 ቀን 1969 (እ.ኤ.አ. ጁን 27 ቀን 1977) ስም ቢሰየምም ብዙ ሰው አሁንም የሚጠራው በአሮጌው ስሙ ነው። ከዚያ በእግር ጥቂት ሄዳችሁ ገበያውንና የሃሙዲን መስጊድ ታገኛላችሁ። ፊት ለፊቱ ያለው የመሐሙድ ሐርቢ አደባባይ ቀድሞ የሚጠራው በፈረንሳዊው ባለቅኔ በራምቦ ስም ነበር። ሐረር ውስጥ ለቱሪስት የራምቦ ቤት ተብሎ የሚታየው ቤት ከእርሱ ዘመን በኋላ የተሠራ ቢሆንም፣ ሰውየው ለምኒልክ የሚሸጠውን ጠመንጃ ይዞ ግመል እስኪያገኝ ረጅም ጊዜ የተቀመጠባት ታጁራ ግን ከወደቡ በጀልባ የሚኬድባት ትንሽ የጠረፍ ከተማ ናት።

የጅቡቲ ቀን ለሁለት የተከፈለ መሆኑን ሳያውቁ የሚሄዱ ሰዎች ተናደው ይመለሳሉ። ከቀኑ ሰባት ሰዓት ገደማ እስከ አሥር ሰዓት ሱቁም ቢሮውም ይዘጋል፤ ከሐረርጌ የሚመጣው ጫት ይደርሳል፤ ከዚያ በኋላ መንገድ ላይ የሚቀረው ፀሐይ ብቻ ነው። በትራንዚት ያለፉ ሰዎች ከተማው ባዶ ነው ብለው የሚያወሩት በዚህ ሰዓት አይተውት ይመስለኛል። ስለዚህ ጠዋት በማለዳ ውጡ፣ ቀትሩን እንደ ድሬዎች ተኙበት፣ አመሻሽ ላይ ደግሞ ባሕሩን ይዛችሁ ተራመዱ። ለእራት የየመኖቹን ዓሣ ብሉ፤ ለሁለት ተሰንጥቆ፣ በቅመም ተለውሶ፣ በሸክላ ምድጃ ግድግዳ ላይ የሚጠበሰውን ማለቴ ነው። ለሁለት ሰው አንድ ዓሣ ይበቃል። አርብ የእረፍት ቀን መሆኑንም አትርሱ።

ከከተማው ወጥታችሁ አንድ ቀን ብቻ ማሳለፍ ከቻላችሁ የአሳልን ሐይቅ ምረጡ። ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር ላይ ያለ የአፍሪካ ዝቅተኛው ስፍራ ሲሆን፣ ውኃው ከባሕር አሥር እጥፍ ገደማ ጨዋማ፣ ዳርቻው እንደ በረዶ የነጣ ነው። መንገዱ በጋላፊ በኩል ወደ ኢትዮጵያ የሚጓዙት ከባድ መኪናዎች የሚበዙበት ስለሆነ ራሳችሁ ከመንዳት ይልቅ መኪናውን ከነሾፌሩ ተከራይታችሁ ገና ሳይነጋ ተነሡ። ዋና የምትችሉ ከሆነና ተጨማሪ ቀን ካላችሁ፣ ከኅዳር እስከ ጥር በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ዌል ሻርክ የሚባለው ግዙፍ ዓሣ ይታያል፤ ሰው የማይተናኮል፣ ደቃቅ የባሕር ነፍሳትን እያጣራ የሚመገብ ነው። የሙሻ ደሴት ጥሩ ቢሆንም ጊዜ ካጠረ የሚተው እሱ ነው።

ርካሽ ከተማ አይምሰላችሁ። የብዙ አገር ጦር ሰፈር ስላለባት የሆቴሉ ዋጋ የተቆረጠው በዲፕሎማትና በወታደር አቅም ነው፤ የአገሪቱ ገንዘብ ፍራንክ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1949 ጀምሮ ከዶላር ጋር በቋሚ ምንዛሪ የታሰረ ስለሆነ በምንዛሪ አተርፋለሁ ማለት አይሠራም። ወደቡን፣ አውሮፕላን ማረፊያውንና የጦር ሰፈሮቹን ፎቶ አታንሡ።

ለዘመድ ስለ ጉዞው የምትነግሩት በምትነሡበት ዋዜማ ይሁን፤ ቀደም ብሎ የሰማ ሁሉ ሽቶ፣ ጨርቅና ሳሙና የሚያስመጣበትን ዝርዝር ይሰጣችኋል፤ ድንበር ላይ፣ ደወሌ፣ ከጉምሩክ ጋር የምትከራከሩት ግን እናንተ ናችሁ። ከጅቡቲ የምትመለሱበትንም ቀን ወደ ጀርመን ከምትበሩበት ቀን ቢያንስ ሦስት ቀን አስቀድሙት፤ ባቡሩ ቢዘገይ ወይም ቢሰረዝ የአውሮፕላን ትኬታችሁ አብሮ እንዳይቃጠል።