የሞተር ሳይክል ዘይት መለኪያው ተጠምዝዞ ታስሮ ነው ወይስ ሳይታሰር የሚነበበው?

ሰላም ወገን። ድሬዳዋ ነኝ፤ ሞተሬ የቻይና 125 ሲሲ ነው፣ ዘይቱ 20ደብሊው-50። ከሳቢያን ሐረር ስለምመላለስ የደንገጎን ዳገት አዘውትሮ ይወጣል።

ሜዳ ላይ ቀጥ አድርጌ አቁሜ፣ አጥፍቼ ጥቂት ደቂቃ ጠብቄ እለካለሁ። መለኪያውን ጠርጌ ሳላስረው ቀዳዳው ላይ ብቻ ሳሳርፈው ዘይቱ በሁለቱ ምልክቶች መሃል ነው፤ አስሬው ሳወጣው ግን ከላይኛው ያልፋል። አንዱ መካኒክ «ታስሮ ነው» ብሎ ቀነሰልኝ፤ ዳገቱ ላይ ከቴስታታው (ከሲሊንደሩ ክዳን) በኩል ቀጭን ኳኳታ ጀመረ። ሌላው «ሳይታሰር ነው» ብሎ እስከ ላይኛው ምልክት ሞላው፤ አሁን ኳኳታው ጠፍቶ የአየር ፊልትሮው ሳጥን ዘይት ይዟል። የሚንጠባጠብ የለም፣ ሰማያዊ ጭስም አላየሁም። ማኑዋሉ በቻይንኛ ነው፤ ሥዕሉም አይረዳም።

እንዲህ ዓይነት ሞተር የምትነዱ፣ መለኪያውን አስራችሁ ነው ወይስ ሳታስሩ የምታነቡት?