ኤክስ-ሜን ስሙ ይቀየር? «ስም ብቻ ነው» ያስነሣው ክርክር

የድሮ አንባቢ፦
ቪክቶሪያ አሎንሶ ከፊልም ሠሪው የማርቭል ስቱዲዮስ ኃላፊዎች አንዷ ሳለች እ.ኤ.አ. በ2019 የተናገረችውን ነገር ትናንት አንዱ እንደ ትኩስ ዜና ላከልኝ። ልዩ ኃይል ባላቸው በእነዚህ የኮሚክ ጀግኖች ቡድን ውስጥ ይህን ያህል ሴቶች እያሉ ሰው ዛሬም «ኤክስ-ሜን» («ሜን» በእንግሊዝኛ ወንዶች ነው) ብሎ መጥራቱ ያስቃል፣ ስሙ ጊዜ አልፎበታል ነው ያለችው። እርሷ በ2023 ኩባንያውን ለቅቃለች፤ ነገሩ ግን ተቀበረ ሲባል እየተነሣ ይመጣል። ስሙ ከ1963 ጀምሮ አለ። ሴቶቹም ከመጀመሪያው እትም ጀምሮ አሉ። በስሙ ምክንያት ከበር የተመለሰች አንዲት ሴት ጥሩልኝ። ስም ብቻ ነው፤ ተዉት!

አውሎ ነፋስ፦
«ሴቶቹ» ስትል ስንት ቆጥረህ ነው? በመጀመሪያው እትም የቡድኑ መሪ የፕሮፌሰር ዛቪየር ተማሪዎች አምስት ነበሩ፤ ሳይክሎፕስ፣ ቢስት፣ ኤንጅል፣ አይስማን እና ጂን ግሬይ። ሴቷ አንድ ናት። የእርሷ የጀግንነት ስም ምን እንደነበረ ታስታውሳለህ? «ማርቭል ገርል»። አይስማን ከሁሉም ታናሽ የሆነ ልጅ ነው፣ ግን «ማን» (ወንድ) ተባለ። እርሷ ከእርሱ ትበልጣለች፣ ግን «ልጅት» ሆና ቀረች። ስም ብቻ ነው አልክ?

የድሮ አንባቢ፦
አዎን፣ ስም ብቻ ነው። ያ በ1963 የተጻፈ ነው፤ ያን ጊዜ አሜሪካ ውስጥ እንደዚያ ነበር የሚጻፈው። ደግሞም ጂን በ1976 ፊኒክስ ሆነች፣ ከሁሉም የምትበልጥ ኃያል ሆነች። የቡድኑ ስም ግን አልተነካም፣ ማንም አልሞተም። እኔ እነዚህን መጽሔቶች ከውጭ በመጣ ሰው ሻንጣ አሮጌ እትም እየተዋስኩ ነው ያነበብኳቸው። ሽፋኑ የተቀደደ፣ መጨረሻው ገጽ የሌለው። ስሙ ሲነካ የሚያመኝ ለዚህ ነው።

አውሎ ነፋስ፦
ቆይ፣ ቆይ። «ስም ብቻ ነው» እና «ሲነካ ያመኛል» በአንድ አፍ አይወጡም። ስም ብቻ ከሆነ ይቀየር፣ ምን ቸገረህ? የሚያምህ ከሆነ ደግሞ ስም ብቻ አይደለም ማለት ነው። አንዱን ምረጥ።

የድሮ አንባቢ፦
በመጀመሪያ ነገር፣ እህቴ፣ «አንተ» የምትይኝ የት ተዋውቀን ነው? በዕድሜ አባትሽን ሳልሆን አልቀርም።

አውሎ ነፋስ፦
ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ጋሼ። ከዚህ በኋላ «እርስዎ» ነው። ግን ይህችን አይለፉኝ፦ አንዲት መጠሪያ ትክክል ስላልሆነች ክርክሩን አቁመው አስተካክሉልኝ አሉ። መጠሪያ ብቻ አይደለችም እንዴ?

ቀረጥ ከፋይ፦
በዚህች ዐረፍተ ነገር ተሸነፉ ጋሼ። ሻይ በእኔ ሒሳብ።

የድሮ አንባቢ፦
አልተሸነፍኩም። የአክብሮት አጠራር ሌላ፣ የመጽሔት ስም ሌላ። ስምን መልአክ ያወጣዋል ሲባል አልሰማችሁም? የወጣ ስም ወጣ።

ቀይ ብዕር፦
ይህን ስም ያወጣው መልአክ ሳይሆን ማርቲን ጉድማን የሚባል አሳታሚ ነው ማለት ይቻላል። ደራሲው ስታን ሊ በሕይወት ሳለ ደጋግሞ እንደተናገረው እርሱ የፈለገው ስም «ሙታንትስ» (ከተፈጥሯቸው ልዩ ኃይል ያላቸው) ነበር። ጉድማን ደግሞ አንባቢ ሙታንት ምን እንደሆነ አያውቅም ብሎ ጣለበት። ያን ጊዜ ነው ሊ «ኤክስትራ»፣ ትርፍ ኃይል ያላቸው ናቸው፣ መሪያቸውም ዛቪየር ነው ብሎ ከ«ኤክስ» ጋር «ሜን»ን የገጠመው። ስለዚህ «የመጀመሪያው ስም ይከበር» የሚል ሰው ካለ፣ የመጀመሪያው ስም ጾታ አልነበረውም።

አውሎ ነፋስ፦
እግዚአብሔር ይስጥህ! ኤክስ-ሜን በወጣበት ወር የወጣውን ሌላውን የማርቭል ቡድን ደግሞ እዩት። «አቬንጀርስ» የሚለውን ስም በታሪኩ ውስጥ ያወጣችው ዋስፕ ናት፣ ሴት ናት። ሴት ስታወጣው ወንድም ሴትም የሚገባበት ሆነ።

ቀረጥ ከፋይ፦
እኔ የምሠራው ከቀረጥ ጋር ነውና የማውቃትን ልጨምር። በአሜሪካ ሕግ አሻንጉሊት ማለት የሰው ምስል ሲሆን ቀረጡ 12 በመቶ ነበር፤ ሰው ያልሆነ መጫወቻ ግን 6.8 በመቶ። የማርቭል እህት ኩባንያ ቶይ ቢዝ የኤክስ-ሜን ምስሎቹን ይዞ ፍርድ ቤት ቀረበና «እነዚህ ሰዎች አይደሉም» ብሎ ተከራከረ። በ2003 ረታ። ለሕይወታቸው ሙሉ «እኛም ሰዎች ነን» ሲሉ የኖሩትን ፍጥረቶች የገዛ ባለቤታቸው ለጥቂት በመቶ ሸጣቸው። እናንተ «ሜን» ወንድ ነው ወይስ ሰው ትላላችሁ፤ ፍርድ ቤቱ ሁለቱንም አይደሉም ብሎ ጨርሷል።

የሲያትሏ እናት፦
ሣቄ አላስጽፍ አለኝ። የእኔ ልጅ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ከኤክስ-ሜን ሴቶች ስቶርምን ትወዳታለች። የስቶርም እናት ኬንያዊት መሆኗን ካወቀች ወዲህማ «ጎረቤታችን ናት» ትላለች። አንድ ቀን «ለምን ሜን ይባላሉ?» ብላ ጠየቀችኝ። «ሰዎች ማለት ነው» አልኳት። «ሜን ሰዎች ማለት አይደለም፣ ትምህርት ቤት የወንዶቹ መጸዳጃ በር ላይ ያለው ነው» አለችኝ። ምን ልበላት?

ቀይ ብዕር፦
በጥንቱ እንግሊዝኛ «ማን» ሰው ማለት እንደነበረ ንገሪያት። ለወንድ ሌላ ቃል ነበራቸው፤ በኋላ ወንዱ የሰውን ቃል ወሰደው።

የሲያትሏ እናት፦
ለዘጠኝ ዓመት ልጅ የሺህ ዓመት ሰዋስው?

የድሮ አንባቢ፦
ስቶርምን ካነሣሽ የእኔን ክርክር አነሣሽልኝ። በ1975 ገባች፣ መሪ ሆነች፤ በ1986 ኃይሏን አጥታ ባዶ እጇን ሳለች ሳይክሎፕስን ገጥማ አሸንፋው መሪነቱን አጸናች። በዚያ ሁሉ ጊዜ ስሙ ኤክስ-ሜን ነበር። በ2013 ደግሞ ሴቶች ብቻ የተሰለፉበት መጽሔት ወጣ፣ ርእሱ ያው ኤክስ-ሜን። አንዷም አልከፋትም።

አውሎ ነፋስ፦
አንዷም ያልከፋት በወረቀት ላይ ስላለች ነው፣ ጋሼ። የጻፈው ሰው ካላስከፋት አይከፋትም። ሴቶች ብቻ ቆመው ከራሳቸው በላይ «ሜን» ተብሎ ተጽፎ ሳየው ትዝ ያለኝ የእኛው አባባል ነው። አያቴ ባሏ ከሞተ በኋላ ሁለት ጥማድ በሬ አሳርሳ ስድስት ልጅ አሳደገች። አገሩ ሁሉ ሲያመሰግናት «ወንድ ናት» ይል ነበር። ሴት ሆና ያደረገችውን ሲያዩ ሴትነቷን ነሷት።

የድሮ አንባቢ፦
ያ ምስጋና ነው! እናቴንም እንደዚያ ብለዋታል፣ በደስታ ነው የተቀበለችው።

አውሎ ነፋስ፦
በስሟ ቢያመሰግኗት ምን ይጎድል ነበር?

ቀይ ብዕር፦
አገራችንን ካነሣችሁ አንድ ጥሩ ማስረጃ አለ። ዘውዲቱ በእኛ አቆጣጠር በ1909 ዓ.ም. ሲነግሡ «ንጉሠ ነገሥት» አልተባሉም፤ «ንግሥተ ነገሥታት» ተባሉ። ማንም «የድሮው ማዕረግ ይጠበቅ፣ ስም ብቻ ነው» አላለም። ሰው ሲለወጥ መጠሪያው ተለወጠ።

የድሮ አንባቢ፦
ይህ እኮ ለእኔ ነው የሚመሰክረው! ለእርሳቸው የሴት ማዕረግ ወጣላቸው እንጂ ከሁለቱም ያልሆነ ቃል አልተፈለገም። እንደዚያ ከሆነ «ኤክስ-ዊመን» በሉ። ያንንም ሞክረውታል። በ2019ኙ «ዳርክ ፊኒክስ» ፊልም ውስጥ ከጀግኖቹ አንዷ ሬቨን ለዛቪየር እዚህ ሁልጊዜ ወንዶቹን የሚያድኑት ሴቶቹ ናቸው፣ ስሙን ኤክስ-ዊመን ብትለው ይሻላል ትለዋለች። ፊልሙ በዓለም ዙሪያ 252 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አስገብቶ ወጪውን ሳይመልስ ቀረ።

ቀረጥ ከፋይ፦
በዚያች ዐረፍተ ነገር ምክንያት ከሰረ? ድርሰቱን አይተውታል?

አውሎ ነፋስ፦
ያቺን ዐረፍተ ነገር እኔም አልወደድኳትም፤ በሌላ ምክንያት ነው እንጂ። ስሙን ሊቀይሩ አላሰቡም። ቅሬታውን ወስደው ቀልድ አደረጉትና በዚያው ርእስ ቲኬት ሸጡበት። ሲፈልጉ ግን ይቀይራሉ። የሌላው የማርቭል ቡድን፣ የፋንታስቲክ ፎሯ ሱ ስቶርም ባል አግብታ፣ ልጅ ወልዳ፣ እስከ 1985 ድረስ «ኢንቪዝብል ገርል» ነበረች። ከዚያ «ኢንቪዝብል ዉማን» (ሴት) አሏት። ሰማይ ወደቀ?

የድሮ አንባቢ፦
የአንድ ሰው ስም ነው ያ። የቡድን ስም ንብረት ነው፣ ንግድ ምልክት ነው። ዲዝኒ በ2019 ፎክስን ሲገዛ ከገዛው አንዱ በዚህ ስም ፊልም የመሥራት መብት ነው። በ2024 ካርቱኑን ሲመልሱ ምን አሉት? «ኤክስ-ሜን ’97»። አሎንሶ የምትለውን ያህል ጊዜ ያለፈበት ቢሆን ኖሮ ገንዘብ አያወጡበትም።

አውሎ ነፋስ፦
እንግዲህ «ስም ብቻ ነው» ተብሎ ተጀመረ፣ ቀጥሎ ትዝታ ሆነ፣ ከዚያ መልአክ አወጣው፣ አሁን ደግሞ የንግድ ምልክት ሆነ። አራተኛው ነው ጋሼ፤ እየቆጠርኩ ነው።

የሲያትሏ እናት፦
እናንተ ስትጨቃጨቁ ልጄን ጠየቅኳት። «በአማርኛ ለምን አይጠሩትም? ሰዎች ካላችሁ ሁሉም ይገባል» አለች። በአማርኛ እኮ «እነርሱ» ስንል ሴት ወንድ አንለይም፣ «መጡ» ስንልም እንደዚያው።

ቀይ ብዕር፦
ልጅሽ ከሁላችንም ትሻላለች። ከግእዙ ብንወስድ ደግሞ ያምራል፤ «ሰብአ ኤክስ»። እንደ ሰብአ ሰገል።

የድሮ አንባቢ፦
ሰብአ ሰገል ሦስቱም ወንዶች ናቸው! ምን የረባ ምሳሌ አመጣህ?

ቀይ ብዕር፦
ሰዎቹ ወንዶች ሊሆኑ ይችላሉ፣ ቃሉ ግን አይደለም። በግእዝ ወንድ ብእሲ፣ ሴት ብእሲት፤ ሰብእ ግን ሰው ነው። ሰብአዊ መብት ስንል የወንድ መብት ማለታችን ነው?

የድሮ አንባቢ፦
ቅዱስ መጽሐፍን ከኮሚክ ጋር መቀላቀል ደግሞ አዲስ ፋሽን ነው። በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ ሦስት ሽማግሌዎች ተሥለዋል፤ ጢማቸውን አይቻለሁ።

ቀረጥ ከፋይ፦
ወርቅ፣ ዕጣንና ከርቤ ይዘው ድንበር ሲያልፉ ስንት በመቶ ከፈሉ?

ቀይ ብዕር፦
ጢሙን ሠዓሊው ነው ያበቀለው። እስቲ ሦስት መሆናቸውን ማቴዎስ የት ላይ እንደጻፈ ምዕራፍና ቁጥር ይንገሩኝ።