ላይቭ ሳይት ላይ የፍለጋ ሳጥን የቆየ ውጤት ያሳያል፤ ብሬክፖይንት ሲገባ ችግሩ ይጠፋል

ቅንፍ21 (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ። ላይቭ በወጣ ሳይት ላይ ተጠቃሚው «መጽሐፍ» ብሎ ሲጽፍ ትክክለኛው ዝርዝር ብልጭ ይልና ወዲያው የ«መጽ» ዝርዝር ይተካዋል። ሁልጊዜ አይደለም። ሎካል (ራሴ ማሽን) ላይ ጭራሽ አይታይም። የክሮም ዴቭቱልስ (የገንቢ መሣሪያዎች) ኮንሶል ንጹሕ ነው፤ ኔትወርክ ላይም ሁሉም 200 (የተሳካ) ነው። ኮዱ ሚኒፋይ ተደርጎ (ተጨምቆ) አንድ ረጅም መስመር ሆኗል፤ ሶርስ ማፕ (የተጨመቀውን ኮድ ከዋናው ጋር የሚያገናኘው ፋይል) ሰርቨሩ ላይ የለም። ብሬክፖይንት (ኮዱን መሐል ላይ የሚያቆም ምልክት) ሳስገባ ደግሞ ችግሩ ይጠፋል። ዲፕሎይ ሳላደርግ (አዲስ ኮድ ሰርቨሩ ላይ ሳልጭን) እዚያው ክሮም ላይ ምክንያቱን ማረጋገጥና ማስተካከያውን መሞከር የምችለው እንዴት ነው?

ሽቦ
መጥፋቱ ራሱ ፍንጭ ነው። ሁለት ጥያቄዎች እየተሽቀዳደሙ ነው፤ የ«መጽ» ቀድሞ ይሄድና ዘግይቶ ይመለሳል። ሁለተኛው ከመላኩ በፊት ኮዱን ብሬክፖይንት ላይ ስታቆመው የመጀመሪያው መልስ እስከዚያ ይደርሳል፤ ተራው በራሱ ይስተካከላል። ሎካል ላይ ደግሞ ሰርቨሩ ቶሎ ስለሚመልስ ሁለቱ አይደራረቡም።

ኮድ ሳትነካ አረጋግጥ፦ ኔትወርክ ውስጥ ፌች/ኤክስኤችአር የሚለውን ምረጥና የዋተርፎልን ዓምድ (የየጥያቄውን ጊዜ በአሞሌ የሚያሳየውን) ተመልከት። የአጭሩ ቃል አሞሌ ከረጅሙ በኋላ ካለቀ ነገሩ ተረጋግጧል።

መስመር በመስመር
መስመሩን ለማግኘት ኢኒሺዬተር የሚለው ዓምድ ላይ ማውሱን አሳርፍ፤ ጥያቄውን የላኩት ፈንክሽኖች በቅደም ተከተል ይወጣሉ። አንዱን ስትጫን ሶርስስ ይከፈታል፤ እዚያ ከታች ያለውን {} ተጫን፣ አንዱ መስመር ተዘርግቶ የሚነበብ ይሆናል። ከዚያ ውጤቱ የሚሣልበትን ቦታ ፈልግ፤ ኤለመንትስ ውስጥ ዝርዝሩን ቀኝ ክሊክ አድርገህ «ብሬክ ኦን» ሥር «ሰብትሪ ሞዲፊኬሽንስ»ን ብትመርጥ ዝርዝሩ ሲቀየር ኮዱ እዚያው ይቆማል። ስኮፕ (የቫሪያብሎች ዝርዝር) ላይ የተጻፈውን ቃል የያዘው ቫሪያብል የትኛው ፊደል እንደሆነ ያዝ፤ ሚኒፋይ ስሞችን ያሳጥራል።

አሁን ብሬክፖይንቱን አንሣና የመስመር ቁጥሩን ቀኝ ክሊክ አድርገህ «አድ ሎግፖይንት» በል። ያንን ቫሪያብልና «ፐርፎርማንስ ናው»ን (ጊዜውን በሚሊሰከንድ የሚሰጠውን) በኮማ ለይተህ ጻፍ። ሎግፖይንት እሴቱን ኮንሶል ላይ ይጽፋል እንጂ ኮዱን ስለማያቆም ሽሚያው አይታወክም፤ ለእንዲህ ዓይነቱ ችግር ከሱ የተሻለ መሣሪያ የለም።

የሶርስ ማፑ ፋይል ማሽንህ ላይ ካለ ኮዱ ላይ ቀኝ ክሊክ፣ «አድ ሶርስ ማፕ»። ግን ከዚያው ቢልድ መሆን አለበት፤ አለዚያ መስመሮቹ ሌላ ቦታ ያርፋሉ።

ለምለም_ኮድ
ለመሞከር ሎካል ኦቨራይድስ (ብራውዘሩ በሰርቨሩ ፋይል ምትክ ያንተን እንዲጭን የሚያደርገውን) ተጠቀም። ሶርስስ፣ ኦቨራይድስ፣ ባዶ ፎልደር ምረጥ፣ ፍቀድ። ከዚያ ጃቫስክሪፕቱን ቀኝ ክሊክ፣ «ኦቨራይድ ኮንቴንት»። ፎልደሩ ውስጥ የተቀመጠውን ፋይል በራስህ ኤዲተርም ማስተካከል ትችላለህ። ሴቭ፣ ሪሎድ።

ከማስተካከልህ በፊት ችግሩን አስገድደህ አምጣው፦ ቃሉ ከ3 ፊደል ካነሰ መልሱ ከመጣ በኋላ 3000 ሚሊሰከንድ ይጠብቅ። ትሮትሊንግ (ኔትወርኩን ማዘግየት) ብዙም አይረዳህም፤ ሁለቱንም ጥያቄዎች ስለሚያዘገይ ተራቸው እንዲገለበጥ አያስገድድም። መፍትሔው አዲስ ጥያቄ ሲላክ የቀደመውን በአቦርትኮንትሮለር መሰረዝ ነው። ሲሰረዝ የሚወረወረውን አቦርትኤረር ካች ውስጥ ለይተህ እለፈው፤ አለዚያ ተጠቃሚው በየፊደሉ የስሕተት መልእክት ያያል። ዲባውንስ (መተየቡ ቆም እስኪል ጠብቆ መላክ) ብቻውን አይበቃም። የጥያቄውን ብዛት ይቀንሳል እንጂ ተራ አያስጠብቅም።

ሽቦ
ለምለም፣ መዘግየቱ መልሱ ከመጣ በኋላ ከሆነ አቦርቱ የሚሰርዘው ነገር አያገኝም፤ ፌቹ አልቋልና። ለቅንፍ21 ትክክለኛው መፍትሔ ያልሠራ ይመስለዋል። መዘግየቱ የአቦርትኮንትሮለሩ ሲግናል ከተፈጠረ በኋላ፣ ፌች ከመጠራቱ በፊት ይግባ። ወይም በቁጥር መያዝ ይሻላል፦ ለእያንዳንዱ ጥያቄ ተራ ቁጥር ስጥ፣ ከመሣልህ በፊት ከመጨረሻው ቁጥር ጋር አወዳድር፣ ካልገጠመ ጣለው። በዚህኛው መዘግየቱ ቁጥሩ ከተሰጠ በኋላና ከማወዳደሩ በፊት የትም ቢገባ ይሠራል።

ለምለም_ኮድ
ልክ ነህ፣ መዘግየቱ ከፌች በፊት ይሁን።

ኦቨራይዱ ካልያዘ ሦስት ነገር ፈትሽ። ስክሪፕት ታጉ ላይ «ኢንቴግሪቲ» (ፋይሉ አለመለወጡን የሚያረጋግጥ) ካለ ብራውዘሩ የተለወጠውን ፋይል አይቀበልም፤ ኤችቲኤምኤሉንም ኦቨራይድ አድርገህ አንሣው። ሰርቪስ ወርከር (ፋይሎችን ከካሽ ሊያቀብል የሚችል የጀርባ ስክሪፕት) ካለ አፕሊኬሽን ውስጥ «ባይፓስ ፎር ኔትወርክ»ን ምረጥ። ሌላ ሰው በመሐል ዲፕሎይ ካደረገ ደግሞ በፋይሉ ስም ላይ ያለው ሃሽ (ከይዘቱ የሚወጣ ኮድ) ይቀየራል፤ ያንተ ኦቨራይድ ድምፁን ሳያሰማ ይቀራል፣ የምታየው የሰርቨሩን ኮድ ነው።