«የውሰት አንባቢ» ማለት ምን ማለት ነው?

የሌሊት አንባቢ፦
ወንድማችን ኮማና ነጥብ ትናንት፣ ከፋን ፊክሽን (አድናቂዎች በሌላ ሰው ሥራ ገጸ ባሕርያት ወይም በታዋቂ ሰው ላይ ከሚጽፉት ታሪክ) ተነሥቶ የራሱን ልቦለድ ያሳተመ ሰው ያለው «የውሰት አንባቢ» ብቻ ነው ብሎ በአንድ መስመር ዘግቶ መሄዱ አበሳጭቶኛል። ደራሲዋ ኢ. ኤል. ጄምስ ቱዋይላይት በተባለው ልቦለድ ገጸ ባሕርያት ላይ ተመርኩዛ በብዕር ስም በነጻ ስታስነብበው የቆየችውን ታሪክ ስሞቹን ለውጣ፣ «ፊፍቲ ሼድስ ኦፍ ግሬይ» ብላ እ.ኤ.አ. በ2011 በአንድ ትንሽ የአውስትራሊያ አሳታሚ በኩል አወጣችው፤ በዓመቱ ትልቅ አሳታሚ ወሰደው፤ ሦስቱ ተከታታይ መጻሕፍትም ከ100 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጡ። ይህ ሁሉ ሕዝብ ከማን ደጅ የተዋሰ ነው?

ኮማና ነጥብ፦
ከቃሌ አልሸሽም። አና ቶድ እ.ኤ.አ. በ2013 ዋትፓድ በተባለው የታሪክ ማስነበቢያ ድረ ገጽ ላይ ስለ ዋን ዳይሬክሽን የሙዚቃ ቡድን ዘፋኝ ስለ ሃሪ ስታይልስ መጻፍ ጀመረች፤ በማግሥቱ ዓመት መጽሐፉ ሲታተም «ሃሪ» ተፍቆ «ሃርዲን» ተባለ። ይህ ድርሰት ከሆነ፣ ስሜን መታወቂያዬ ላይ አሳስቶ የጻፈው የቀበሌ ሠራተኛም ደራሲ ነው። እነዚያ ልጆች የመጡት ዘፋኙን ፍለጋ እንጂ እሷን ፍለጋ አልነበረም።

ምዕራፍ ሃያ፦
እኔ ከራሴ ልነሣ። በቃና በተላለፈ አንድ የቱርክ ድራማ ላይ ተመሥርቼ፣ ድራማው ካቆመበት የሚቀጥል ታሪክ በቴሌግራም ሌሊት ሌሊት እጽፍ ነበር፤ ምዕራፍ ሲዘገይብኝ የሚቆጡኝ ብዙ ሺህ ተከታታዮችም ነበሩኝ። የራሴን ልቦለድ 1,000 ቅጂ ሳሳትም ግን የተሸጠው 140 ብቻ ነው፤ የቀረው አልጋዬ ሥር ተደርድሯል።

ኮማና ነጥብ፦
እህቴ፣ ከዚህ የበለጠ ምስክር ከየት አመጣለሁ?

ምዕራፍ ሃያ፦
አትቸኩል። የመቶ አርባዎቹ መምጣት የማንም ውለታ አይደለም፤ በመጽሐፌ ውስጥ አንድም የቱርክ ስም የለም። ሌሎቹን ያስቀራቸው ውሰቱ ሳይሆን ዋጋው ነው፤ በነጻ የለመደ ሰው ብር ሲጠየቅ እጁን ይሰበስባል። መጽሐፌም በሦስተኛው ሳምንት በፒዲኤፍ ሲዞር አግኝቼዋለሁ፤ የላከልኝም «እንኳን ደስ ያለሽ» ብሎ ነው።

የሌሊት አንባቢ፦
ደግሞስ ኮማና ነጥብ ቃሉን መች በቦታው አስገባው? ምጣድ ይዋሳሉ፣ ጤፍ ይበደራሉ፤ የተዋሱት ራሱ ይመለሳል፣ የተበደሩት ግን ተበልቶ ምትኩ ይከፈላል። ናኦሚ ኖቪክን ተመልከት፤ ለዓመታት ፋን ፊክሽን ጽፋ እ.ኤ.አ. በ2006 የመጀመሪያ ልቦለዷን ስታሳትም፣ አሮጌ ታሪክ ስም ቀይራ አላወጣችም፤ ይዛ የተሻገረችው እጇን ነው። ይህ ቢበዛ ብድር ይባላል እንጂ ውሰት አይባልም።

ኮማና ነጥብ፦
ኖቪክን ማን ነካት? እኔ የተናገርኩት ስም ፍቀው ስለሚያሳትሙት ነው። መልስ ሲጠፋህ ወደ ምጣድ መሄድህ ግን አስቆኛል።

አንቀጽ ሦስት፦
ሁላችሁም ሕጉን ረስታችኋል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሥራን አዛምዶ ሌላ ሥራ የማውጣትን መብት የሚሰጠው ለዋናው ደራሲ ነው፤ ጥበቃውም ደራሲው ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ይዘልቃል። ስለዚህ እህታችን ስለ ፒዲኤፍ ከማልቀሷ በፊት የቱርኮቹን ፈቃድ ጠይቃ እንደነበር ብትነግረን መልካም ነው።

ምዕራፍ ሃያ፦
በነጻ ከጻፍኩትና አንድ ሳንቲም ካልበላሁበት ታሪክ ጋር፣ የተሰረቀብኝን የራሴን መጽሐፍ በአንድ ሚዛን ማስቀመጥህ የሚገርም ነው።

አንቀጽ ሦስት፦
ሚዛኑ የእኔ አይደለም፤ የአዋጁ ነው።

የለገሃር አዟሪ፦
ልጆች፣ መጽሐፍ ተሸክሜ ስዞር 11 ዓመቴ ነው፤ አንድም ገዢ ታሪኩ ከየት እንደ መጣ ጠይቆኝ አያውቅም። ሰው ሽፋኑን ያያል፣ የጀርባውን ጽሑፍ ያነባል፣ ዋጋ ይከራከራል። ልጄ ምዕራፍ ሃያ፣ አልጋሽ ሥር ካለው ሃምሳውን ላኪልኝ፤ ብቻ ሽፋኑ ላይ «የዚያ የቴሌግራም ታሪክ ጸሐፊ» የሚል ወረቀት ለጥፊበት።

ምዕራፍ ሃያ፦
ጋሼ፣ ሃምሳውን ነገ አመጣልዎታለሁ፤ ወረቀቱን ግን አልለጥፍም።

ኮማና ነጥብ፦
ለምን? የራስሽ አንባቢዎች አይደሉም እንዴ?