ከብሎካችን ጀርባ የወለደችው ውሻ

የኮዬ ፈጬዋ፦
ቆሻሻ መጣያው ጋ አንዲት ቡናማ ውሻ አራት ቡችላ ወልዳለች። ልጆች በድንጋይ መትተዋት ታነክሳለች። ጠዋት ጠዋት ፍርፍር እሰጣታለሁ፣ በርበሬውን አጥቤ (አትሳቁ)። ጥበቃው ግን «መመገብ ካላቆምሽ መርዝ ይበተናል» አለኝ። ብር የለኝም፣ ጊዜ ግን አለኝ። በምን ልርዳት?

የእንስሳት ሐኪሙ፦
እህቴ፣ ፍርፍሩ ይቅር። ሽንኩርት ለውሻ መርዝ ነው፤ ቢታጠብም አይለቅም። ጨው የሌለው ሩዝና ሥጋ ይሻላታል። የበሰለ አጥንት አትስጫት፣ ተሰንጥቆ አንጀት ይወጋል። እግሯን ደግሞ አትነካኪ። አራስ ናት፣ ትነክሳለች። ከነከሰችሽ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቢና በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሂጂ። ቡችሎቹን 3 ወር ሲሞላቸው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት አስከትቢ። እናትየዋም ትከተብ።

የገላኑ፦
ጥበቃውን ሻይ ጋብዢው። እኛም እንደዚያ ነው ያሳመንነው። እነዚህ በመርዝ ቢያልቁ ቦታውን ሌላ ያልተከተበ ውሻ ይይዘዋል በይው።

የኮዬ ፈጬዋ፦
የሽንኩርቱን አላውቅም ነበር፣ ክው አልኩ! ሻዩ ነገ ነው። ለካ ጥበቃውም ማታ ማታ ዳቦ ይጥልላታል፤ ጎረቤቴ አይታዋለች።